ላም አለኝ በሰማይ፤ ግብሯስ?

«ብሩ እኮ አገር ውስጥ አልገባም። ታዲያ የምን ግብር ነው የምታወሩት?»

ይህቺን ጥያቄ ያልሰማ የአዲስ አበባ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። ካፌ ውስጥ አንዲት ማኪያቶ አዝዞ አራት ሰዓት ሙሉ ላፕቶፑ ላይ ያቀረቀረውን ልጅ ጠይቁት። ለአንድ የካናዳ ኩባንያ ድረ ገጽ ይሠራል፣ ለጀርመን ድርጅት ይተረጉማል፣ ወይ ለማያውቀው አሜሪካዊ ሎጎ ይስላል። ክፍያው በዶላር ነው። ዶላሩ የሚገባው ደግሞ ውጭ አገር ባለ ሒሳብ ነው፤ ወይ በራሱ ስም በኢንተርኔት የከፈተው፣ ወይ ሜሪላንድ በምትኖር አክስቱ ስም ያለ። ከዚያ አክስት ትልካለች፣ ወይም «ሰው በሰው» ይመጣል። ግብር ሲባል መልሱ ያችው ናት። ብሩ አገር ውስጥ አልገባም።

አባባሏ ጥሩ ትመስላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ የለ አበው። ወተቷን ሳላይ እንዴት ገብር ትሉኛላችሁ ነው ነገሩ። ችግሩ የግብር ሕጋችን ላሟ የት ቆማለች ብሎ አይጠይቅም። ባለቤቷ የት ይኖራል ነው የሚለው። ላሟ የት ናት ብሎ ሲጠይቅ የኖረው ሌላ ሕግ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ሕግ። ሁለቱ ጥያቄዎች በየፊናቸው ሲሄዱ ኖረው እኛ ትውልድ ላይ ተገናኙ። እንዴት እዚህ እንደደረስን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (በነገራችን ላይ ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ሲሆኑ እ.ኤ.አ. እንላለን፤ አለዚያ የራሳችን ናቸው።)

ግብር በላን፣ ግብር ገበርን

አማርኛ ውስጥ «ግብር» የሚባለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ለመንግሥት የምንሰጠው ነው። ሌላው ቤተ መንግሥት የሚበላው ድግስ ነው። በምኒልክ ጊዜ «ግብር ገባሁ» ያለ ሰው ከፈልኩ ማለቱ ሳይሆን ጥሬ ሥጋና ጠጅ ቀርቦለት አዳራሽ ተቀመጥኩ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ለነገሩ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። ገባሩ ማሩን፣ እህሉንና ከብቱን ያመጣል፣ ማሩ ጠጅ ሆኖ ለሠራዊቱ ይቀርባል። ግብር ከፍለህ ምን አገኘህ ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ በዓይን የሚታይ መልስ ነበረው፤ መልሱን የሚበላው ሌላ ሰው ቢሆንም።

ያ ግብር በአብዛኛው በዓይነት ነበር። በጥሬ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ በማርትሬዛ ብር። እዚህ ጋ ቆም እንበል። ማርትሬዛ ማለት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባት፣ በየትኛውም ዓመት ብትቀረጽ ላይዋ ላይ 1780 የሚል ዓመት የምትይዝ የውጭ አገር ገንዘብ ናት። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር ቢያስቀርጹም ሕዝቡ ማርትሬዛን አልለቅ ብሎ ኖሯል። እንግዲህ የዛሬው የዶላር ተከፋይ ልጅ ቅድመ አያቶች መንግሥታቸውን በውጭ ምንዛሪ ሲገብሩ ነበር ማለት ነው። ማንም «ይህ ብር ከየት መጣ» ብሎ አላስጨነቃቸውም።

የቃላዱ ፍርሃት

እ.ኤ.አ. በ1892 ምኒልክ አሥራትን ደነገጉ። ከዚያ በፊት ወታደር ገበሬው ቤት ገብቶ እየተቀለበ ነበር የሚኖረው። የዚያ ምሬት ሲበዛ ወታደሩ ከቤት ይውጣ፣ ገበሬው በምትኩ ካመረተው ከአሥር አንድ ይስጥ ተባለ። አሥራት ገበሬው ደስ ብሎት የሰጠው ባይሆንም የሚገባው ነገር ነበር። አሥር ቁና ካለህ አንድ ቁና።

ገበሬው ከአሥራቱ ይልቅ የሚፈራው ሌላ ነገር ነበረው፤ ቃላዱን፣ የመሬት መለኪያ ገመዱን። ከጣሊያን መውጣት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመሬት ግብርን በአዲስ አዋጆች ሲያስተካክል መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ እንዲመደብ ነበር ሐሳቡ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ላይ ግን ነገሩ አልሄደም፤ ከተቃውሞ በኋላ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍሉ ተተዉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ አሥራት ተሽሮ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የሚባል በአዋጅ ቁጥር 255 መጣ። ወረቀት ላይ ካየነው ከአሥራት የተሻለ ፍትሐዊ ነው። ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል፣ ትንሽ ያመረተ ትንሽ ይክፈል የሚል። ጎጃም ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ አውሮፕላንም ታየ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ወደኋላ አሉ፣ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተማረ።

ይህን ታሪክ «ጎጃሜ ግብር አልከፍልም አለ» ብሎ ማጠቃለል ቀላል ነው፤ በየትምህርት ቤቱም እንዲሁ ይነገራል። እኛ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየን። ገበሬው ሲገብር የኖረ ሰው ነው። የፈራው ገማቹን ነው። ገማች መጥቶ ምርቱን ካየ መሬቱን ያያል፣ መሬቱን ካየ ይለካል፣ ከለካው ደግሞ ርስቱን ይወስዳል የሚል ሰንሰለት ነበር በልቡ ያለው። ደቡብ ውስጥ ቃላድ ሲጣል ምን እንደተከተለ ወሬው ደርሶታል። ስለዚህ ግብሩን እንቢ ያለው መታየትን ስለፈራ ነው።

ይህችን ነገር ያዙልን። ዛሬ ካፌ የተቀመጠው ልጅ አፉ «ብሩ አልገባም» ቢልም ሆዱ የሚለው ሌላ ነው። «ገቢዬን ካሳወቅኩ አካውንቱን አሳወቅኩ። አካውንቱን ካሳወቅኩ...» ከዚያ በኋላ ያለውን አይጨርሰውም።

የስዊዙ አካውንት

ለምን እንደማይጨርሰው ለመረዳት ወደ መስከረም 1967 ዓ.ም. እንሂድ። የዘመን መለወጫ ምሽት ነው። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሁሉ ከፊቱ ተሰብስቧል። ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ። በረሃቡ ምስሎች መሃል የቤተ መንግሥቱ ግብዣ እየገባ ነበር። ያ ከላይ ያነሣነው ግብር፣ ድግሱ፣ በዚያች ሌሊት በሕዝብ ፊት ተፈረደበት። በማግሥቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ከዚያ በፊትም በኋላም አንድ ክስ በከተማው ይዞር ነበር፤ ጃንሆይ በስዊዝ ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ። ቁጥሩ በቢሊዮን ይጠራ ነበር። ደርግ ገንዘቡን መልሱ ብሎ ወተወታቸው። ያ ሁሉ የተባለለት ቢሊዮን ግን በማስረጃ ተረጋግጦ አልታየም። ገንዘቡ ባይገኝም ቃሉ ቀረ። «የውጭ አገር አካውንት» በአገራችን የፖለቲካ ቋንቋ የዘረፋ ሌላ ስሙ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በመጣና በሄደ ቁጥር ይህቺ ክስ ስሟን ቀይራ ትመጣለች። ሚኒስትሩ ሲወርድ ዱባይ ምን አለው፣ ነጋዴው ሲታሰር ውጭ ስንት አሸሸ ይባላል። አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ወሬ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ለአራት ገጽ ትርጉም 60 ዶላር የተከፈላት ልጅ አለች። እሷም «የውጭ አካውንት» አላት። ቃሉ ለእሷና ለቢሊዮኑ አንድ ነው። ሌላ ስም አላወጣንላትም።

ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም

ስሜቱን ትተን ወደ ሕጉ እንምጣ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል በፈረንጅ አፍ ስሙ የኢትዮጵያ ዶላር ነበር። አንዱ የኢትዮጵያ ዶላር 40 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር፤ ማለትም ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ሁለት ብር ተኩል። ትልልቆች ሲናገሩ የምንቀናበት ዘመን። የውጭ ምንዛሪውን መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ፣ ከ1956 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ተቆጣጠረው። እ.ኤ.አ. በ1973 ምንዛሪው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆነ። ከዚያ ቆመ። ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ እሱ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ነው። እስከ መስከረም 1985 ድረስ አልነቃነቅ ብሎ ከርሞ በአንድ ቀን 5 ብር ገባ።

ዋጋው በአዋጅ የቆመ ገንዘብ ጠባቂ ይፈልጋል። ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ለሁሉም አይበቃማ። ስለዚህ ሕጉ የውጭ ገንዘብ ያገኘ ሁሉ ለባንክ ያስረክብ፣ ያለ ፈቃድ በእጁም በውጭ አገርም አያስቀምጥ አለ። የሕጉ ጭንቀት ዶላሩ የት ነው የሚል ነበር፤ ዶላሩን ያገኘው ሰው ምን ሠርቶ ምን አተረፈ የሚለው የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።

በኋላ ትንሽ ትንሽ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ላኪዎችና ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ሰዎች ማቆያ ሒሳብ እንዲከፍቱ ፈቀደ። ከመጣው 10 በመቶውን ያለ ጊዜ ገደብ መያዝ ይቻላል፤ የቀረው 90 በመቶ ለ28 ቀን ይቆይና ወደ ብር ይለወጣል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2006 የዲያስፖራ ሒሳብ መጣ። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የኖረና የሠራ ኢትዮጵያዊ፣ ወይም ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ዜጋ፣ አዲስ አበባ ባለ ባንክ በዶላር፣ በፓውንድ፣ በዩሮ ማስቀመጥ ይችላል።

ጥሩ ነገር ነው፤ አንከፋም። ግን ሥዕሉን እዩት። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአጎታችን ልጅ አዲስ አበባ የዶላር ሒሳብ አለው። አዲስ አበባ ተቀምጣ ለሲልቨር ስፕሪንግ ድርጅት የምትሠራዋ እህቱ ያን ሒሳብ መክፈት አትችልም። ዶላር እያመጣች ያለችው እሷ ሆና፣ በሩ የተከፈተው ለሱ ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? በሱ ስም አስቀመጠች። እንግዲህ ስንቱ የአክስትና የአጎት ልጅ አካውንት እንዲህ ተወለደ። ከኛ መሃል አንዷ በዚያ ዘመን ወደ አንድ ባንክ ሄዳ ከውጭ ለሚከፈላት የጽሑፍ ሥራ ሒሳብ ልክፈት ብትል ሠራተኛው በጣም በትሕትና «የኔ እህት፣ ዘመድ የለሽም ውጭ?» ብሎ መለሳት።

1994፤ ማንም ያላስተዋለው አንቀጽ

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄ። ባለቤቷ የት ይኖራል?

ደሞዝና ንግድን በዘመናዊ መልክ የሚነካው ግብር እ.ኤ.አ. በ1944 በአዋጅ ቁጥር 60 ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1956 የገቢ ግብር ድንጋጌ ወጣ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 173 መጥቶ አርባ ዓመት ያህል በማሻሻያ ላይ ማሻሻያ እየተለጠፈበት ኖረ። በደርግ ጊዜ የላይኛው መጣኔ ከ80 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ይህ ሁሉ ዘመን ግብር ሰብሳቢው የሚያስበው ስለ መሥሪያ ቤት ደሞዝና ስለ መርካቶ ሱቅ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ከቶሮንቶ የሚከፈለው ሰው ማን ያስበዋል?

በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 286 ወጣ። መግቢያው አካባቢ አንድ አጭር ነገር አለ። አዋጁ የኢትዮጵያ ነዋሪ በሆነ ሰው ላይ በዓለም ዙሪያ በሚያገኘው ገቢ ሁሉ ተፈጻሚ ይሆናል፤ ነዋሪ ባልሆነ ሰው ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ በሚያገኘው ገቢ ብቻ። በቃ። ገቢው የት ባንክ ይግባ፣ በምን ገንዘብ ይከፈል፣ አገር ውስጥ ይምጣ አይምጣ የሚል ነገር የለም። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ይህንኑ ደገመው፣ ነዋሪ ማለት ማን እንደሆነም ዘረዘረ። ኢትዮጵያ ውስጥ መደበኛ መኖሪያ ያለው፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይም ይሁን በመመላለስ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የኖረ። ንግድ ሥራንም ሲተረጉም ለትርፍ የሚሠራ የኢንዱስትሪ፣ የንግድ፣ የሙያ ወይም የእጅ ጥበብ ሥራ ሁሉ፣ ዘወትር ቢሠራም ለአጭር ጊዜ ቢሠራም ብሎ አሰፋው። «ንግድ ፈቃድ የለኝም፣ ስለዚህ ነጋዴ አይደለሁም» የምትለዋ መከላከያ እዚህ ጋ ትወድቃለች።

ያን ጊዜ ስለ ፍሪላንሰር ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለንም። በ1994 አዲስ አበባ ውስጥ ኢንተርኔት የሚገኘው በየካፌው በደቂቃ እየተቆጠረ ነው። አንቀጹ የተጻፈው ውጭ ንብረት ላላቸው ትልልቅ ነጋዴዎች ይሆናል። ኤምባሲ ተቀጥሮ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ በተመለከተ ግን አስቀድሞም የታወቀ መንገድ አለ። ኤምባሲውን ከደሞዙ ቀንስ ብሎ ማስገደድ ስለማይቻል ሠራተኛው ራሱ አስታውቆ ይከፍላል። ፍሪላንሰሩም ያው ነው። የቶሮንቶው ደንበኛ ለኢትዮጵያ ግብር አይቀንስም። ቀናሽ ከሌለ ራስ ነው ቀናሽ።

አንዳንዱ «ውጭ ከፍያለሁ» ይላል። በእርግጥ ውጭ የተከፈለ ግብር ካለ፣ ማስረጃ ካለ፣ ሕጉ እዚህ ከሚከፈለው ላይ ያቻችልለታል። ግን ብዙዎቻችን ውጭ አልከፈልንም። ለምን? የአሜሪካ ኩባንያ ወይም የሥራ ማገናኛ ድርጅት ሥራ ስትጀምሩ አንድ ፎርም እንድትሞሉ ይጠይቃል፤ ደብልዩ-ኤይት ቤን ይባላል። አሜሪካዊ አይደለሁም፣ ነዋሪነቴ እዚህ አገር ነው ብላችሁ የምትፈርሙበት ነው። ሥራው አሜሪካ ውስጥ ካልተሠራ አሜሪካ ከክፍያው አትቀንስም። ፎርሙ ላይ አገር የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ምን ብለን ነው የጻፍነው? «ኢትዮጵያ»። በገዛ እጃችን። ለአሜሪካ መንግሥት የኢትዮጵያ ነዋሪ ነኝ ብሎ ፈርሞ፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት ብሩ አሜሪካ ነው ያለው ማለት... ወዳጆቼ፣ ይህን በሁለት አፍ መናገር ነው የሚሉት።

ጨዋታ አይደለም እንጂ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘው አዲስ አበባ የተመለሱ ወገኖቻችን ጋ ነገሩ ተገልብጦ ያስቃል። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር በፓስፖርቱ ትከተለዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሒሳቦቹ ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማሳወቅ አለበት። ለሱ «የውጭ አገር አካውንት» ማለት ፒያሳ ያለው ነው።

ሐምሌ 22 እና ሳይሠሩ ማደግ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። የዚያን ቀን ሁሉም ስለ ዘይትና ስለ መድኃኒት ዋጋ ሲያወራ ሁለት ነገሮች ብዙም ሳይወሩ አለፉ።

አንደኛው፣ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ፣ በውጭ ምንዛሪ በሚከፈላቸው ደሞዝና በመሰል ምክንያቶች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት እንዲችሉ ተፈቀደ። ማለትም ያቺ እህት በመጨረሻ የወንድሟን መብት አገኘች። ሃያ ዓመት ዘግይቶ፣ ግን መጣ። የአክስት አካውንት በሕግ በኩል የነበረው ምክንያት በዚያች ቀን አለቀ።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው፤ ታገሡን። በወር 500 ዶላር የሚያገኝ ሰው በዓመት 6,000 ዶላር አለው። ከሐምሌ 22 በፊት ባንክ ዶላሩን 57 ብር ገደማ ይዘው ነበር፤ ስለዚህ 342,000 ብር። በጊዜው በነበረው 979/2008 ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግብር ከፋይ ደረጃ «ሐ» ነው፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የለበትም፣ በቁርጥ ይከፍላል። ዶላሩን 120 ብር ብንወስደው ደግሞ ያው 6,000 ዶላር 720,000 ብር ሆነ። ደረጃ «ለ»። አንድ ተጨማሪ ገጽ አልተረጎመም፣ አንድ ተጨማሪ ደንበኛ አላገኘም። ብሩ ወረደና እሱ «አደገ»።

ከዚህ የባሰው መጣኔው ነው። በ979/2008 የንግድ ትርፍ ከ130,800 ብር ሲያልፍ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ የመጨረሻው እርከን ነው። በ57 ብር ስሌት ይህ በወር 190 ዶላር ገደማ ነበር። በ120 ብር ስሌት 91 ዶላር። በወር ከ91 ዶላር በላይ የሚያተርፍ ልጅ ከባለ ፎቁ ነጋዴ ጋር አንድ እርከን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በ2017 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 እርከኖቹን ከፍ አደረገ። ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ በወር ከ600 ወደ 2,000 ብር ወጣ፣ የመጨረሻው እርከን ከ14,000 ብር በላይ ሆነ፣ ደረጃ «ሐ» ቀርቶ ሁለት ደረጃ ብቻ ቀረ፣ መለያው 2 ሚሊዮን ብር። ደህና ነው። ግን 14,000 ብርን በ140 ብር ምንዛሪ አስሉት፤ 100 ዶላር ነው። እርከኑ ወደ ላይ ሲሄድ ብሩ ወደ ታች ሄዶ የተጠበቀው ለውጥ እዚያው ተበላ።

እና ሌላም አለ። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት በጥቁር ገበያ ያለው ዋጋ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ነበር። በባንክ በኩል የሚቀበል ታማኝ ሰው ዶላሩን በ57 ይለውጣል፣ በዚያም ላይ ግብር ይከፍላል። በአክስት በኩል የሚቀበለው እጥፍ ያገኛል፣ ግብርም አይነካውም። ሐቀኛው ሁለቴ ተቀጣ። እኛ ያን ዘመን ያሳለፈ ወጣት ለምን አላሳወቅክም ብለን ለመውቀስ ትንሽ ይከብደናል። ሕጉ ግዴታ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ግዴታውን የሚወጣውን ሰው ሞኝ አድርጎ ማሳየት ግን ሌላ ነው።

ውዝፍ

ስለዚህ አሁን ያለንበት ቦታ እንዲህ ነው። የምንዛሪው በር ተከፍቷል። የግብሩ ጥያቄ ከ1994 ጀምሮ መልስ አለው፤ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ገቢው ሰማይ ላይም ቢሆን እዚህ ያሳውቃል። የቀረው የጎጃሙ ገበሬ ፍርሃት ነው። የዘንድሮን ካሳወቅኩ ያለፉትን ዓመታት አይጠይቁኝም ወይ? አካውንቱ የተከፈተው ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት ቢሆንስ?

እ.ኤ.አ. በ1968 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ውዝፉን ማረ፤ ማረ ያልነው ጦር ዘምቶ፣ ሰው ሞቶ፣ አገረ ገዥ ተነሥቶ ነው። የኛዎቹ ፍሪላንሰሮች ጫካ አይገቡም። ዝም ይላሉ እንጂ። ገቢዎች ሚኒስቴር እነዚህን ልጆች መዝገቡ ውስጥ ማየት ከፈለገ፣ የአሮጌውን አካውንት ጉዳይ ከአዲሱ ገቢ ለይቶ በግልጽ የሚናገር አንድ ገጽ ማስታወቂያ ከመቶ ዛቻ ይሻለዋል እንላለን። መዝገቡን የሚፈራ ሰው ዛቻ ሲሰማ የበለጠ ይሸሸጋል።

እስከዚያው ከወዲሁ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። የመለያ ቁጥር፣ ቲን፣ የሌላችሁ አውጡ። ክፍያ በደረሰ ቁጥር ቀኑን፣ የዶላሩን መጠንና የዚያን ቀን የብሔራዊ ባንክ ምንዛሪ አንድ ላይ ጻፉ፤ ስሌቱ የሚሠራው በዚያ እንጂ አክስት በላከችበት ዋጋ አይደለም። የሥራ ማገናኛው ድርጅት የሚቆርጠው ኮሚሽን ወጪ ነው፤ ግን በወረቀት ካልተያዘ ወጪ ነበር ቢሉ የሚሰማ የለም። ለኢንተርኔት፣ ለሶፍትዌርና ለላፕቶፕ ያወጣችሁትንም ደረሰኝ አትጣሉ። ከድሮ ሥራዎች ጀምሮ ያለውን የክፍያ ዝርዝር ደግሞ አካውንቱ ክፍት እያለ አውርዱና አስቀምጡ። እነዚህ ድርጅቶች አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተው አገራችሁን አናገለግልም ሊሉ ይችላሉ፤ ያን ቀን ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል።